የአቫሮች መቃብርና የቻይና ሰሌን

ሰው ጡረታ ሲወጣ የእጅ ሰዓት ይሸለማል። ለእኔ የላቦራቶሪ ጓደኞቼ በመስታወት ሣጥን አድርገው የሰጡኝ ጫፏ የቆለመመ አንዲት የጥርስ ሐኪም ብረት ናት። እጀታዋ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የጠቀለለችውም የድሮ አለቃዬ ኢሎና ናት፣ ነፍሷን ይማርና። ባለቤቴ ጸዳለ ሣጥኑን ሳሎን እንዳልሰቅል ከልክላኛለች። «እንግዳ መጥቶ ይቺ ምንድን ናት ቢለኝ፣ ባሌ የሙታን እግር ሥር ሲጭር የኖረባት ናት ልበል?» አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን አብረን ኖረን ዛሬም ሥራዬን «መጫር» ነው የምትለው። የሚጭር ዶሮ ነው፣ እኔ እጠርግ ነበር እላታለሁ። አትሰማኝም። አንድ ጊዜ፣ ያውም ለትልቅ ጉዳይ ስፈለግ፣ በእርግጥም እንደ ዶሮ ጭሬ ስለማውቅ ሙግቱን ረትቼ አላውቅም። የምጽፈው ያንን ነገር ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራ ነበር። ሐኪሙ ከፊት ሆኖ በሽተኛ ያስተናግዳል፤ እኔ ከኋላ ክፍል ተቀምጬ የሰው መንጋጋ በጄሶ እቀዳለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ አለሰልሳለሁ። እጄ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም ነበር። በስደት ቶሮንቶ ስገባ ያ ሙያ እንዳልነበረ ሆነ። መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ጠበቅኩ፤ ሱፐርቫይዘሩ ስሜን መጥራት አቅቶት «አንተ» እያለ በጣቱ ይጠራኝ ነበር። ከዚያ ሆቴል ሰሃን አጠብኩ። የምንኖረው ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ፎቅ ላይ ነበር፤ ከቤት ባስ፣ ከባስ ሰብዌይ፣ ከሰብዌይ ሰሃን። የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እንደገቡ አንድ የሆቴሉ ባልደረባዬ «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄሶ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ» አለኝ። ግድግዳ ሊያስለስኑኝ መስሎኝ ሄድኩ።

ምድር ቤት የጠበቀችኝ ኢሎና ናት። ፀጉሯ የሸበተ፣ ቁመቷ አጭር፣ ከጥንት መቃብር የወጣ ነገር የምትመረምር የአርኪዮሎጂ ምሁር። በወጣትነቷ ታንክ ከተማዋ ሲገባ ከሃንጋሪ ሸሽታ የመጣች ስደተኛ ነበረች። በዕድሜም በሙያም አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ወለል ላይ ተቀምጣ ፖም እየላጠች የተቀበለችኝን ሴትዮ በልቤም ቢሆን አንቱ ማለት አቃተኝ። ትሪ ላይ የደረቀ አፈር አስቀምጣ «ምን አየህ?» አለችኝ።

«አፈር» አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

«ጎበዝ። ካንተ በፊት የመጣው ልጅ ‹ታሪክ› ነው ያለኝ» አለችና የፖሙን ቁራጭ በቢላዋ ጫፍ ዘረጋችልኝ። በዚያው ተቀጠርኩ። ደሞዙ ከሆቴሉ ብዙ አይበልጥም፤ ግን ወንበር ነበረው።

ኢሎና ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ «ምን አየህ?» ብላ ነው። «ምን መሰለህ?» ብላኝ አታውቅም። «መምሰሉን ለፎቆቹ ተውላቸው» ትላለች። ፎቆቹ የምትላቸው ቢሯቸው ከእኛ በላይ የሆኑትን ምሁራን ነው፤ ራሷ ከእነሱ አንዷ መሆኗን ረስታው። አፈር ከመንካቷ በፊት ለአበባ ውሃ የሚረጩበትን ዕቃ አንስታ ታርከፈክፍበታለች፤ ደረቅ አፈር ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ሲርስ ግን የቀለሙ ልዩነት ይወጣል። የብረቶቿን እጀታ በፕላስተር የምትጠቀልለው ጣቷን ስለሚበርዳት ነው። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ደግሞ ፖም አለ። አንድ ቁራጭ ለራሷ፣ አንድ ቁራጭ ለእኔ፤ ፖሙ እስኪያልቅ የሥራ ወሬ የለም። የሰፈር ወሬ፣ የልጆች ነገር፣ ጸዳለ ምን አለች፣ የዕድሩ ሰዎች ምን ተባባሉ። ይህቺ ሴትዮ የእኛ ዕድር ምን ያደርግላታል እል ነበር፤ እሷ ግን ሁሉንም ማወቅ ትፈልጋለች።

የዕድሩ ሰዎችማ እኔን መሳቂያ አድርገውኝ ነበር። ማዕድ ስንቀርብ አንዱ ተነሥቶ «ግርማ፣ እጅህን በደንብ ታጥበሃል? አጽም ይዘህብን እንዳትመጣ!» ይላል። ሴቶቹ ያማትባሉ። እኔ አጽም ሳይሆን አፈር ነው የማየው ብል ማን ሰምቶኝ።

የምሠራው የአቫሮችን መቃብር ነበር። አቫር የሚባሉት ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ከምሥራቅ በፈረስ መጥተው፣ ዛሬ ሃንጋሪ በሚባለው አገር ሜዳ ላይ የነገሡ ሰዎች ናቸው። ኋላ መንግሥታቸው በጦርነት ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ስማቸው እየራቀ ሄደ። የት ገቡ? ኢሎና ምሁር ከሆነች በኋላ በየሰመሩ፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ ወደ አገሯ እየተመላለሰች አንድ የእነሱን የመቃብር ስፍራ ቆፍራ ነበር። እዚያ ስፍራ መንግሥቱ ሳይፈርስ የሞቱት ከነጌጠኛ ቀበቶአቸው፣ አንዳንዱም ከነፈረሱ ነው የተቀበረው። ሀብታምም ይሁን ድኻ ደግሞ በግራ እግሩ በኩል ትንሽ ማሰሮ ይቀመጥለታል፤ ማሰሮው ውስጥ እንቁላል። ዛሬ የቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው። በዚያው ስፍራ ዳር፣ መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ የተቀበሩት ግን ቀበቶም፣ ፈረስም፣ ማሰሮም የላቸውም። ባዶ መቃብር ነው።

«ስለዚህ ሌላ ሕዝብ ነው» ይላል ዶክተር ፒተር። ፒተር ከፎቆቹ አንዱ ነው፤ በር ይዞ የሚያሳልፍህ ሸጋ ሰው፣ ክርክር ከያዘ ግን የማይለቅ። «አቫሮች ጠፉ፣ ሌሎች መጡ። የመጡት ሰዎች ማሰሮ የማስቀመጥ ልማድ የላቸውም። ምኑ ነው የሚከብደው?»

ለኢሎና ይህ እንዲሁ ምሁራዊ ክርክር አልነበረም። «መንግሥት ስለፈረሰ ሰው ይጠፋል?» ትለኛለች ፊቷ ቀልቶ። «አንተ ጠፍተሃል? እኔ ጠፍቻለሁ?» ተስፋዋን የጣለችው በሁለት ጓሎች ላይ ነበር። ባዶ ከተባሉት መቃብሮች ከሁለቱ፣ በግራ እግር በኩል፣ አፈሩን ሳትበትን በጄሶ ከብባ እንዳለ ቆርጣ ያወጣቻቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ሻንጣ ያህላል። በውሰት ቶሮንቶ መጥተው መደርደሪያ ላይ ከርመዋል። ያን ጸደይ እሷ ጡረታ ልትወጣ፣ ጓሎቹም ወደ ሃንጋሪ ሊመለሱ ነበር። ከዚያ በፊት እንቁላሉ ካልተገኘ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የተሟገተችበትን ነገር ተረትታ ወደ ቤቷ መሄዷ ነው።

የመጀመሪያውን ጓል የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጄሶውን እንደ ድሮዬ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ ቆርጬ አነሣሁ። ከዚያ በኋላ ግን ያው የድሮ ሙያዬ ጉድ ሠራኝ። ጥርስ የሚሠራ ሰው የሚያውቀው ነጭና ጠንካራውን መከተል ነው፤ ጥቁርና ለስላሳ የሆነው ብስባሽ ነው፣ ተፍቆ ይጣላል። አንዲት ነጭ ነጥብ ባየሁ ቁጥር ወደ እሷ ጉድጓድ ሠርቼ እወርዳለሁ፤ በመንገዴ ያገኘሁትን ጥቁር አፈር ጠርጌ ባልዲ ውስጥ እጨምራለሁ። ኢሎናም በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ «ቀጥል፣ ቀጥል» ትለኛለች። የሁለታችንም ዓይን ነጩ ላይ ነበር። ጓሉ አልቆ የታችኛው ጄሶ ሲገለጥ ትሪው ላይ የቀሩት ከምስር ክክ ያነሱ ጥቂት ነጫጭ ስባሪዎች ነበሩ፤ እሱም ከዚህም ከዚያም የተለቀመ።

ፒተር ወርዶ በማጉያ አየና ራሱን ነቀነቀ። «የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። የእንቁላልም ሊሆን ይችላል። አንድ ላይ ነበሩ ወይስ ተበትነው? ምን ላይ ነበሩ?»

ሁሉን አውጥተን ቦታውን አጥፍተነዋል። ኢሎና አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ካፖርቷን ለበሰችና ሄደች። እኔ ባስ ውስጥ ተቀምጬ የጸዳለን ቃል ለራሴ ደገምኩት፤ ጫርኩት አልኩ። ማፈሬስ ይሁን፣ ከሁሉ የከበደኝ ሐዘኗ ነበር።

በዚያው ሰሞን እማማ ትርፌ ሞቱ። ስካርቦሮ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ የነበሩ፣ ለዕድራችን ሁሉ እናት የነበሩ ሴት ናቸው። ከመሞታቸው በፊት የጸዳለን እጅ ይዘው «አደራሽን ልጄ፣ ያለ ሰሌን እንዳትቀብሩኝ» ብለዋታል። አገራችን አስከሬን የሚጠቀለልበት የዘንባባ ሰሌን ቶሮንቶ ከየት ይምጣ? ፈነራል ሆሙ፣ ቀብር የሚያሰናዳው ድርጅት፣ ያለው ሣጥን ነው፣ ውስጡ ነጭ ሐር፣ ትራስም አለው። ወንዶቹ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይቅር» አልን።

ጸዳለ አደራ የምትበላ ሴት አይደለችም። በዚያ በረዶ ስትሪትካር ተሳፍራ ቻይናዎች ሰፈር ሄደችና ሰው ሐይቅ ዳር ለመጋደሚያ የሚገዛውን የሣር ምንጣፍ ይዛ መጣች። ጠርዙ አረንጓዴ ጨርቅ፣ አንዱ ጥግ ላይ ቢራቢሮ ተስሎበታል።

«ቢራቢሮውስ?» አልኳት።

«ወደ ታች አዞረዋለሁ! አንተ ደግሞ ከጠፋ ነገር ቢራቢሮ ታያለህ!»

የፈነራል ሆሙን ሰውዬ አስፈቀደች። ሴቶቹ ሆነው ሣጥኑ ውስጥ አነጠፉት፣ እማማ ትርፌን ከላይ አሳረፏቸው፣ ዳርና ዳሩን ወደ ላይ አጠፉላቸው። ቄሱ መጥተው ተመለከቱ። ቢራቢሮውን ያዩት ይመስለኛል። ዳሩን በእጃቸው አስተካከሉና ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ሰኞ ኢሎና እንደ ምንም ፖሟን ላጠች። ስለ ጓሉ ማንሣት ፈርቼ የእማማ ትርፌን ቀብር አወራኋት። የምንጣፉን ነገር ስነግራት ትስቃለች ብዬ፣ «ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ቢቆፍረው ፒተር ምን ይላል? ‹ሰሌን የለም፣ ስለዚህ ሌላ ሕዝብ ነው፤ ቻይናዎች ናቸው› ይላል» አልኳት።

አልሳቀችም። ቢላዋው ፖሙ ላይ ቆመ። «ምንጣፉን የት አደረገችው?» አለችኝ።

«ቻይናዎች ሰፈር ካለ ሱቅ ገዝታ…»

«የት ገዛችው አላልኩህም። የት አደረገችው?»

«ከሥራቸው ነዋ። ሰሌን የሚነጠፍበት ቦታ ላይ።»

ፖሟን ግማሽ ላይ ትታ ተነሣች። እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። የመጀመሪያውን ጓል ስሠራ ያነሣናቸውን ፎቶዎች አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፣ ዓይኗን እስኪነካ ድረስ አቅርባ አየቻቸው፣ ከዚያ አንዱን ገፋ አድርጋ በጣቷ አሳየችኝ። ከሌላው አፈር ትንሽ የጠቆረ ቀስት አለ፤ የጎድጓዳ ሳህን ከንፈር ያህል። በሚቀጥለው ፎቶ ላይ የለም። ጠርጌዋለሁ።

«እንጨት ነው» አለች። «ሸክላ ሠሪው ሞቶ ይሆናል፣ ገበያው ፈርሶ ይሆናል። ማሰሮ ሲያጡ ከእንጨት ጠርበው እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጡለት። እንጨቱ በስብሶ ጥቁር አፈር ሆነ። እኛ ማሰሮ ስንፈልግ ሳህኑን ጣልነው።»

«መምሰሉን ለፎቆቹ ተዪላቸው» አልኳት።

ያኔ ሳቀች። «ሚስትህን ብናማክር ይሻለን ነበር» አለችኝ።

ሁለተኛውን ጓል አንድ ቀን እንኳ ሳልቸኩል ሠራሁት። ጉድጓድ የለም፤ ነጭ ነጥብ ባይም አልፋታለሁ። ፊቱን ሙሉ እኩል እየላጨሁ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ብቻ እያነሣሁ፣ ኢሎና ውሃ እያርከፈከፈች፣ ፎቶ እያነሣን። ለብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም፤ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ውሃው ሲያርፍበት ጥቁሩ ወጣ፤ መጀመሪያ ግማሽ፣ ዝቅ ስንል ዙሪያውን የገጠመ ክብ። ስኒ ውስጥ ደርቆ የቀረ የቡና አተላ ያህል ስስ ነው፤ በብሩሽ አንድ ጊዜ ብነካው ይጠፋል። መሃሉን ስናጸዳ የእንቁላሉ ቅርፊት ክብደት እንዳረፈበት ተጨፍልቆ፣ ስባሪው ሁሉ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ተኝቷል። ብሩሹን አስቀምጬ እጄን ሰበሰብኩ። ኢሎና በአገሯ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ትርጉሙን አልጠየቅኳትም።

ፒተርን ጠራነው። አጎንብሶ ብዙ አየ። «እንቁላል ነው» አለ በመጨረሻ። «በእንጨት ሳህን፣ በግራ እግር በኩል። ልክ ነሽ ኢሎና፣ ልማዱ አልተቋረጠም።» ደስታችንን ሳንጨርስ ቀጠለ፤ «ግን ልማዱ ቀጠለ ማለት ሰዎቹ ቀጠሉ ማለት ነው? ሌላ ሰው ከጎረቤቱ አይቶ አድርጎት ቢሆንስ? ያስቀመጠው እጅ የማን እንደሆነ አፈሩ አይነግረንም።»

ኢሎና ቲማቲም መሰለች። «የማያውቀው ሰው ሳህን ጠርቦ፣ የሚበላውን እንቁላል መቃብር ውስጥ ያስቀምጣል? ለማን ብሎ?»

«አላውቅም» አለ ፒተር። «ባውቅ ኖሮ መቼ እጠይቅሽ ነበር።»

ጓሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ኢሎናም ጡረታ ወጣች። ግኝቱን አሳተመችው፤ አንዳንዱ ምሁር ተቀበላት፣ አንዳንዱ እንደ ፒተር መለሰላት። እኔ ላቦራቶሪው ውስጥ ቀረሁ። አለቆች ተፈራረቁብኝ፤ አንዱ ማሽን ወዳድ ነበር፣ አንዷ ስብሰባ ወዳድ፣ ሁለቱም ክፉዎች አልነበሩም፣ ፖም ግን አይልጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢሎናን እጠይቃት ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ ቢላዋዋን ታነሣለች። የፒተር ነገር ግን ከሆዷ አልወጣም፤ ቁራጩን ስትዘረጋልኝ «እሺ በለኝ ግርማ፣ ለማን ብሎ?» ትለኛለች። እኔም ቁራጩን ተቀብዬ እበላለሁ።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ በሁዳዴ፣ ፈነራል ሆም ኮል አደረገልኝ። ኢሎና ባልም ልጅም አልነበራት፤ ስሞት ጥሩልኝ ያለችው ሰው እኔ ነበርኩ። ሰውዬው በትሕትና «አብሯት እንዲቀመጥ የምትፈልጉት ነገር ይኖራል?» አለኝ።

ቤት ሄጄ የጸዳለን የእንጨት የሰላጣ ሳህን ከመደርደሪያ አወረድኩ።

«ሳህኔን ወዴት?» አለች።

ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ፍሪጁን ከፍታ አንድ እንቁላል አወጣችና ወደ እኔ ዞረች። «ጥሬውን ነው ወይስ ተቀቅሎ?»

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ዘመን ቅርፊት ስለቅም ኖሬ ይህን አስቤው አላውቅም። ኢሎናም ስታነሣው አልሰማሁም። በሕይወት ብትኖር ይህን ጥያቄ ስትሰማ ፖሟን ግማሽ ላይ ትታ ትነሣ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

«እንዴት አታውቅም? ለመንገደኛ ጥሬ እንቁላል የሚሰጥ ማን ነው?» አለችና ድስት ጣደች። «በሁዳዴ እንቁላል ስቀቅል ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል» እያለች ታጉረመርማለች፤ እንባዋን ደግሞ በእጅጌዋ ትጠርጋለች። አልቅሼ የማላውቀው ሰውዬ አብሬያት አለቀስኩ።

ቀብሯ ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ፒተር ነበረ፣ ሸብቶ። ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ቀርቤ ሳህኑን በግራ እግሯ በኩል ሳስቀምጥ ከኋላዬ ሆኖ አየኝ። ውጭ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«ግርማ፣ ኢሎና ይህን ብታይ ትቆጣህ ነበር» አለኝ፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። «የእኔን ክርክር አረጋገጥህልኝ። ልማዱ ቀጠለ፤ ያስቀመጠው እጅ ግን የሕዝቧ አይደለም።»

ጸዳለን አየኋት። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ፒተር፣ ያን ጊዜ ለማን ብሎ ስትልህ አላውቅም ብለሃታል» አልኩት። «እኔም አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ። ለእሷ ብለን ነው። ሕዝቧ እኛ ነን።»

ያ ክርክር የማይለቅ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ሲያዞረው ቆየ። ኋላ ድምጹን ዝቅ አድርጎ «እንቁላሉ ጥሬ ነው ወይስ የተቀቀለ?» አለኝ።

«የተቀቀለ» አልኩት። «ለምን እንደሆነ ጸዳለን ጠይቃት።»

ደረጃውን ወርዶ ሄዶ ጠየቃት።